ጥላህ ገባ

ፀሐይ ኅዳር ላይ ሄዳ፣
በጥር ብቅ በምትልበት እንደ ዓይን አፋር እንግዳ፣
በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በረዶ በዘጋው ባሕር ዳር፣
ውሻ ከሰው በሚበዛበት መንደር
ሠላሳ አንድ ዓመት አደፈጥኩ። ሙያዬ ማድፈጥ ነው፤
ጣቴ እየደነዘዘ፣ ዓይኔን እንቅልፍ የማይወስደው።

ቂላቅ ነበር መሪዬ፣ የውሾቹን ጋሪ የሚነዳ፣
ቃል ከአፉ ሲያወጣ የሚከፍል የሚመስል የሰው ዕዳ።
በረዶውን በዘንጉ መታ አድርጎ ያደምጣል፤
«ይሄኛው ይሸከማል» ይላል፣ «ያኛው ይዋሻል»።

እሱ አዳኝ፣ እኔ አንሺ፤ በአንድ ድንኳን አድረን፣
የአንዱን አውሬ ዱካ በአንድ መንገድ ወርደን፣
እሱ ይጥላል፤
እኔ አነሳለሁ።
«እኔ የጣልኩትን እበላለሁ፤
አንቺ ያነሳሽውን የት ታደርሺዋለሽ?» አለኝ አንድ ማታ፣
የአቆስጣ ጉበት እየቆረጠ በዝግታ።
የሳቅሁ መሰለኝ። መልስ ግን አልሰጠሁ፤
የካሜራዬን ዓይን በጨርቅ ወለወልሁ።

ብዙ ነገር አየሁ። ጸጉራም የበረዶ በሬዎች ክብ ሠርተው ቆመው፣
ጥጆቻቸውን ከልለው፣ ዐውሎውን በግንባር ገጥመው።
እናት ድብ አየሁ፣ ስስ በረዶ ላይ ስትርቅ፣
በደረቷ ተኝታ፣ ግልገሏም እሷን አይቶ ሲንፏቀቅ።
ደግሞ ባትሪዬ በቁር የሞተ ዕለት
ናርዋሎች ወጡ፣ ባለ አንድ ቀንዶቹ፣ ከጥቁሩ ውኃ ጥልቀት፤
በበረዶው ስንጥቅ፣ ቀንዳቸውን እንደ ጦር ሰብቀው፣
ትንፋሻቸው ፊቴን እስኪያረጥበው፣
የዓሣ ሽታው ሳይቀር።
ያን ያየ፣ ከእኔ በቀር፣
ቂላቅ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ሞተ።
በረዶ ዋሽቶት አይደለም፤ ድብም አልሰበረው፤
ሳል ነው፣ የቆየ ሳል፣ ከአልጋው ላይ የወሰደው።

ሚስቱ ፒፓሉክ መጣች። በዚህ መንደር በር ማንኳኳት ነውር ነው፤
ገባች፣ ቦቲዋን አወለቀች፣ ተቀመጠች ከምድጃው።
«የሠርጋችን ፎቶ በውኃ ተበላ፤
አንቺ ጋ ግን አይጠፋም» አለች፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ሲዞር ካንቺ ፊት፣ ካንቺ ኋላ»።

ዐሥራ አንድ ሺህ ድብ አለኝ። ቀበሮ፣ ጉጉት፣ ጥንቸል።
የሰው ፊት ግን የለም፤ ገዢ ባዶ ነጭ ይወዳል።
«ፈቀቅ በል ቂላቅ፣ ጥላህ ገባ!» ስል ኖርኩ ዘመኔን ሙሉ፤
እሱም ፈቀቅ ይል ነበር፣ ሳይሰማ እሺ የሚል ቃሉ።

ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁ። ሳትቆረጥ የቀረች አንዲት ምስል፤
ግንቦት፣ እኩለ ሌሊት፣ ፀሐይ በሰሜን ዝቅ ብላ ስትንቀለቀል፣
ነጭ ቀበሮ መሐል ላይ፤ ከታች፣ በግራ ጥግ፣
አንድ ረጅም ጥላ፣ ከነኮፍያው፣ ከነዘንግ።

ፒፓሉክ በጣቷ ነካችው። «ትከሻው ነው፤ ግራው ዝቅ ያለ።
ያን ሌሊት ነፋሱ ከየት ነበር?» ከሰሜን ነው አልኳት፤ ከኋላዬ እየጋለበ የዋለ።
«ነፋስ ጀርባውን ሲመታው ሳሉ ይነሳበት ነበር» አለች፤
«እንግዲያ ለእጅሽ ነው የቆመው።» ምስሏን ደረቷ ውስጥ ከተተች።

ስትሄድ ቀጣዩን ከፈትኩ፣
ከተቆጣሁት በኋላ ያነሳሁትን።
ጥላው የለም፤ ፈቀቅ ብሏል።
ቀበሮዋ ግን ጭጋግ ናት፤
እጄ ተንቀጥቅጧል።