ግልጽ ነው

ኮምቦልቻ። የዶርም አልጋ። ትራሴ ሥር ያለው
አርባ ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ የሙሔ ውርስ ነው፤
የብረትን ጠባይ ከነጥያቄው፣ ከነመልሱ
ጽፎ ትቶልኝ ሄደ፣ የተመረቀ ለታ እሱ።

ሰባተኛው ጥያቄ፦
ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ይጎብጣል፣ ይቃናል፣
ጭነቱ ተሰጥቷል፣ ውፍረቱ ተሰጥቷል፣
ስንት ጊዜ ችሎ በስንተኛው ይሰበራል?
ሙሔ ሁለት መስመር ይጽፋል፣
«ግልጽ ነው» ይላል፣
መልሱ ይከተላል፤ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ሸመደድኩት።
ሒሳቡን፣ ስርዙን፣ «ግልጽ ነው»ን ጭምር
በቃሌ ወጣሁት አንዲት ነጥብ ሳይቀር።
መምህሩ ግን መጡ ቁጥሩን ቀያይረው፣
ጭነቱን ጨምረው፣ ብረቱን አቅጥነው፤
እጄ ሙሔን ጠበቀ።
ሙሔ አልመጣም።
ከሃያ አራት አገኘሁ፣ እሱም ለቀመሩ።

ቅዳሜ አበጋዝ ጋራዥ በር ላይ
የአይሱዙ ባሌስትራ ለሁለት ተከፍሎ አየሁ፤
ሐረጎን ሲወጣ ነው አሉ፣ ሲሚንቶ እንደጫነ።
«ትናንት ነው የተሰበረው?» ብዬ ጠየቅሁ።
አበጋዝ እጁን በናፍታ እየታጠበ፦
«ትናንትማ የተሰማው ነው።
ሲሰበር የከረመውን ነይና እይው።»

ስብራቱን አዞረልኝ ወደ ፀሐይ፦
ከላይኛው ፊቱ ልሙጥ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ፣
ቀለበት በቀለበት፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣
ቦርከና ሲጎድል ዳሩ ላይ እንደሚተወው ምልክት፤
ከታች ግን ሻካራ፣ የተሰበረ ስኳር፣
ጣት የማትሞላ ስፋት።
«ይቺ ብቻ ነበረች የያዘችው» አለ፣
«መሃሉ እንደሁ ምንም አያውቅም፤
የሚለጠጠው ፊቱ ነው፣ የሚጀምረውም ከፊቱ።»

ማታ የሙሔን መልስ በደብተር ሸፈንኩት።
ጥያቄው ብቻ ቀረ፣ ብቻውን ሲያዩት
ለካ አያስፈራም።
ብረቱን ሳልኩት፤ አጎበጥኩት፤
ምንም የማያውቀውን መሃሉን አሰመርኩት፤
ከዚያ እስከ ፊቱ ለካሁ።
ግማሽ ውፍረት።

ደብተሩን በአንድ መስመር ዝቅ አደረግሁ። ተስማማን።
ደግሞ ዝቅ።
ሙሔ ሙሉውን ወስዷል።
መልሱ ግን፣ ያ ሁለቴ የተሰመረው፣ ከኔው ጋር አንድ ነው!
በስህተት በር የገባ ሒሳብ
በየት ዞሮ ነው እውነት ሆኖ የወጣው?
ፈለግሁ።
በሩ ላይ «ግልጽ ነው» ቆሞ አገኘሁት፣ እንደ ዘበኛ።

ደወልኩለት። ከጀርባው ማሽን ይጮኻል።
ሳቀ። «እኔም ከሰው ነው የገለበጥኩት፣
መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ አለ።»
«ሰውየውስ?»
«እሱም ከሰው።»

ዝም አልን።
በእርሳስ «ግልጽ ነው»ን ሰርዤ
«እዚህ ጋ ቁሚ» ብዬ ጻፍኩ፣ ለምትመጣው ልጅ።
ልዘጋው ስል፣
«ቆይ» አለ ሙሔ፣ «ግማሽ ነው ያልሽው?
ለምን?»

ከመሃሉ ጀመርኩለት።