ገጽ ሠላሳ አንድ

ሳስካቱን፣ የካቲት፤ የሙዚቃ ሱቁ ምድር ቤት፣
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ቆምኩ ከመደርደሪያው ፊት።

አንዱ ድብ ተስሎበታል፤ ኖታው እንቁላል ያክላል፤
ለጎበዝ ልጅ የሚለጠፍ የወርቅ ኮከብ ይዟል።
ሌላው “ለአዋቂ” ይላል፤ ይሮጣል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ
ሁለት እጅ ባንዴ ይጠራል፣ ቀኜ ከግራዬ ሳይተያይ።

ባለሱቋ ሄልጋ “እስቲ ጣትህን” አለች፤ ዘረጋሁላት፤
ሃያ ዓመት የሌሊት አውቶቡስ መሪ ጨብጦ፣ መከፈት የረሳ ጣት።

ከካርቶን ውስጥ ያገለገለ አወጣች፤ ባራት ዶላር፤
የማን እንደነበር እንጃ፣ እርሳስ ሞልቶታል በየዳር፦
“ቀስ”፣ “ግራ እጅ!”፣ “ኧረ ቁጠር”፣ አንድ ቦታ የሻይ ጠብታ፤
እስከ ገጽ ሠላሳ አንድ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ዝምታ።

ሞቶ ይሁን፣ ሰልችቶት፣ ፒያኖው ተሽጦበት፣
አልጠየቅኩም።
በመጨረሻዋ ኖታ አናት ነጥብ ያቀፈች ቅስት አየሁበት።
“ፌርማታ” አለች ሄልጋ። “ቁም፤ ጣትህን ግን አታንሳ።”
ይቺንስ አውቃታለሁ፤ ሞተር ሳላጠፋ፣ መንገደኛም ሳልረሳ።

አሁን ቀይ መብራት ሲያስቆመኝ መሪው ላይ ጣቶቼ ይቆጥራሉ።
ያ ሰው የወረደበት ሩቅ ነው።
እኔ ገና ገጽ አራት ነኝ።