መቼ ጀመረዎት?

ጤና ጣቢያው ያለው ኮዬ ፈጬ ጫፍ ነው፣
ታክሲው የሚያበቃው፣ እግር የሚጀምረው።
ነጭ ጋዋኔ አዲስ ነው፣ የእጥፋቱ መስመር ገና አልለቀቀውም፤
ጥያቄዬን ሁሉ ሸምድጃለሁ፣ አንድም አልቀረኝም፦
የት ጋ ነው? መቼ ነው? ሲብስ ምን ይመስላል?
ወዴት ወዴት ይላል? ምን ያስታግሰዋል?

ኦቦ ጉተማ ገቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣
በትራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ሳቁ።
«ምን አመመዎት?» «እኔ እንጃ፤ አንቺ አይደለሽ ሐኪሟ?»
ዶክተር ምንትዋብ ከጥጉ ሳል ሳለች፤ ሳቅ ይሁን ሕመሟ።
«የት ጋ ነው?» መዳፋቸውን ከደረት እስከ ሆድ አዞሩ፣
ከዚያ በመስኮቱ አሻግረው ሕንፃዎቹን ቆጠሩ።
«መቼ ጀመረዎት?» «ጤፉ ሊታጨድ ሲል፣
ሜትር የያዙት ልጆች የመጡ ጊዜ።» «በቀን ስንት ይሆናል?»
«ቀኑንማ እነሱ ጽፈውታል።»

ወረቀቱ ላይ «ቆይታ» ከሚለው ፊት
ባዶ መስመር አለች፣ ሁለት ጣት የማትሞላ፤
«አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ፤ አሰመርኩበት።
ቀጠልኩ ሩጫዬን። ትኩሳት? ላብ? ማስመለስ?
የለም። የለም። የለም።
እንደ ቤት ቆጣሪ ሳንኳኳ፣ ስመለስ።

ምንትዋብ ተነሣች። ብዕሬን ከእጄ ወሰደች፣
ወንበር ጎትታ ከጉልበታቸው ትይዩ ተቀመጠች።
«በሬዎቹስ» አለች፣ «የት ደረሱ?»

ዝም።
ውጭ ሲሚንቶ ማደባለቂያው ብቻ ይዞራል።
አፌ ውስጥ አራት ጥያቄ ተደርድሯል፤ ዋጥኩት።

«ዳለቻው ተሸጠ። ቡሬው እምቢ አለኝ፣
ገበያ መንገድ ላይ ተኛ። ጎተትኩት፣ ጎተትኩት፣
ያን ቀን ነው፣ እዚህ ጋ፣
እንደ ስፌት ሲተረተር የሰማሁት።
የጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነበር።
ከዚያ ወዲህ ሽቅብ ስል ይይዘኛል፣ ሳርፍ ይለቀኛል።
የልጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣
እስክደርስ አራቴ እቀመጣለሁ።
ለእሷ አልነገርኳትም።»

ወረቀቴ ላይ የነበረው ሁሉ
ተራውን ሳይጠብቅ መጣ።
«አይታወቅም» የሚለውን ሰረዝኩ።
ምንትዋብ ወደ ጥጓ ተመለሰች፣ ምንም አላለችኝም።

ቀጥላ የገባችው ከልብስ ፋብሪካ ነው፣ ሃያ ዓመት አይሞላትም።
ወንበሬን ሳብኩ። ብዕሬን ኪሴ ከተትኩ። ድምፄን አለዘብኩ፦
«ሥራ እንዴት ነው? አገርሽ የት ነው? እዚህ ማን አለሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ።
«ሽንቴን ያቃጥለኛል። ሦስት ቀኔ ነው።
ሰርቪሱ ስምንት ሰዓት ላይ ጥሎኝ ይሄዳል።
ደግሞ በሩ ስስ ነው፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤
እኔ በሬ የለኝም።»

ያ ሳል እንደገና፣ ከጥጉ።
አሁን ግን ምን እንደሆነ አወቅኩ።