ተመላሽ

ጦሳ ጉም ደርቧል፣ ደሴ ብርድ ብርድ ይላል፤
ዛሬ ሰኔ ሠላሳ፣ ሒሳብ ይዘጋል።
ከፋይናንስ ወረደ ባለ ሦስት መስመር ወረቀት፦
«ያልሠራችሁበት ቀሪ ብር አለና፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት
ግዙ። ካልገዛችሁ ተመላሽ ነው።»
ይኸው ነው።

እኔ ደርበው ነኝ፣ ባህል ቢሮው ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር
ሁለት መቶ ስድስት የቴፕ ክር በሞዴል ተረክቤ የምኖር።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥያቄዬ አንድ ነው፣ አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ፤
«አንድ የክር ማጫወቻ፣ ለጣራው ስምንት ቆርቆሮ» እያልኩ
ጻፍኩ፣ አስፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ለሚቀጥለው» ተባልሁ።

በጀት ይሉታል፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፤
እኛን አልበጀንም፤ ለባነር አታሚው ነው የኑሮ ማበጃ።
ለባህል ቀን ሲሆን ካናቴራው፣ ቆቡ፣ ድንኳኑ ይመጣል፤
እንግዳው «ወሎ ወሎ» ሲል ውሎ፣ ውሎ አበሉን ፈርሞ ይሄዳል።
ወሎ ግን እዚህ ነው፤
ካርቶን ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል።

ከድጃ ትመጣለች ከገራዶ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ከገበያ፤
ሽንኩርቷን ሸጣ፣ ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ይዛ።
«ዛሬስ መኪናው ተገዛ?»
መኪና የምትለው ማጫወቻውን ነው።
አባቷ አሊጋዝ ድቤ መቺ ነበር፤ ክር መቶ አሥራ አራት ላይ ያለው።
ፎቶ የለውም። ድምፁን ነው መንግሥት የያዘላት፤
ይዞላት፣
ይዞባት።

ዛሬ በጠዋት ወጣሁ። ፒያሳን፣ አራዳን አሰስኩ፣
ነጋዴው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።
ቧንቧ ውሃ ግን መርሻ አለ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፤
አንዲት አሮጌ ማጫወቻ ከላስቲክ ፈትቶ አሳየኝ።
ትዞራለች! ዋጋዋም ከቀሪው ብር ያነሰ።
ግን ደረሰኝ የለውም፤ ንግድ ፈቃዱን ከመለሰ
ስድስት ዓመቱ። ሦስት ፕሮፎርማ ደግሞ ከየት ይምጣ?
አገር ምድሩ ላይ ላለች አንዲት ዕቃ ተወዳዳሪ ከየት ላምጣ?
የግዥዋ እታፈራሁ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ፤
«ጋሼ፣ ኦዲተር ይበላኛል» አለችኝ።
እውነቷን ነው። ይበላታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግዥው ተፈጸመ፤
ሦስት ጓጉንቸር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት። ፋይሉ ታተመ።
የክር ክፍሉ ጥበቃ ጠነከረ፤ ጣራው ያፈሳል።
እንግዲህ ሌባ አይገባም፤
ዝናብ ብቻ ይገባል።

ጓጉንቸሩን ስሞክር ከድጃ ከደጅ ቆማለች።
አዲሱን ብረት አየችው፤ ምንም አላለች።
ማጫወቻው ሳይሞት በፊት በእጄ የጻፍኩት ካርድ ነበር፤
መነጽሬን ጠረግሁ፤ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብዬ ጀመርኩ መናገር፦

«ክር መቶ አሥራ አራት። አሊጋዝ ይማም፣ ገራዶ።
መጀመሪያ ሳል፣ ሁለት ጊዜ።
አንድ ሰው ‹ውሃ ስጡት› ይላል።
ድቤ።
ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ።
መንዙማው መሃል ሲደርስ የሕፃን ልቅሶ፤
ድቤው ቆመ። ‹እቀፏት› አለ። ቀጠለ መልሶ።»

ከድጃ ባዶ ጆንያዋን ወደ ደረቷ ሳበች።
«ሕፃኗ ማን እንደሆነች ተጽፏል?» አለች።
«አልተጻፈም።»
«ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩላት፤ ሳሉን፣ ውሃውን፣ ድቤውን።
ዝናቡ ጋ ስደርስ
ማንበብ አላስፈለገኝም።