ሁለት “የለም”

በደቻቱ ማዶ ቤት ለቤት ስቆጥር፣
“ካምና ወዲህ ጠጡ?” ይላል የቅጽ መስመር፤
መልሱ ሁለት ሳጥን፦ ወይ አዎን፣ ወይ የለም፤
ለሌላ ሐሳብ ግን አልተረፈም ቀለም።

ኢፍቱ ሳቀችብኝ፦ “ይሄም ይጠየቃል?
ይህንንማ ልጄ፣ ድመታችን ያውቃል!”

ከዚራ፣ ዛፉ ሥር፣ ጡረተኛው የባቡር ሹፌር
ጋሽ መርዕድ ዝም አለ፣ ጣቶቹን ሲቆጥር።
“የለም ብለህ ሙላ፤ ስንቴ እንደምመርጠው
ማን ይቆጥርልኛል፣ ማታ፣
ያን የግሮሰሪ በር ሳመልጠው፣
አምፖሉ በስሜ ሲጠራኝ?”

ሁለት “የለም” ጻፍኩኝ፣ ቁመታቸው አቻ፤
አንዱን ድመት ያውቃል፣ አንዱን እሱ ብቻ።

ስመለስ መሽቷል።
ስንት አምፖል በመንገዱ እንደበራ
አልቆጠርኩም።