መቋሚያው የሰማው

ሌሊት ነው ቢቸና። ቅኔ ማኅሌቱ
ጧፍና ላበት ነው እስከ ጉልላቱ።
መሪጌታ እንየው ከዓምዱ ሥር ናቸው፤
ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል ጆሯቸው።
«ይረፉ» ብንላቸው መች ሰምተው ያርፋሉ!
ደወል ሳይነግራቸው ከእኛ ይቀድማሉ።

ያን ሌሊት አየሁኝ፦
ከበሮው ሲጎሰም፣ ወለሉ ሲመልስ፣
ምቱ በወይራው በትር ሽቅብ ሲገሰግስ፣
ግንባራቸው አርፎ በመቋሚያው ራስ፣
እግራቸው ተነሣ፤
አልቀደመ፣ አልዘገየ፣ አንዲትም አልረሳ።
እኔ ጆሮ ያለኝ ቆጠራ ስቻለሁ፣
ጽናጽሌን ይዤ እሳቸውን አያለሁ።

ሲነጋ በምልክት «ምን ሰሙ?» ብላቸው
መዳፌን ዘርግተው መቱት በጣታቸው፦
ሦስት ጊዜ ፈጠን፣ አንድ ጊዜ ቀስ።
ቤቴ እስክደርስ ድረስ፣
ገበያ ስሻገር፣ ሰው ሰላም ሲለኝም፣
ያችን እጄን አልጨበጥኩም።