ዛፉን የገለበጠው

ግዳንስክ፣ ወደቡ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
በመስኮቷ ማዶ ክሬን ሲዞር የሚታይ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤
የስንቱን መዳፍ አልባለች።
አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ የደረቀ ብዕር፣
ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ የሚሞላ መዝገብ፣
እኔ ቦግና፣ ሚዛን ያዧ፤
ሠንጠረዥ ነው ዳኛዬ፣ ሠንጠረዥ ነው አዛዤ።

ጠዋት ፍሎሪያን ገባ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ።
«ዛፉን ገልብጥልኝ» አልኩት፤ ይኸው ነው ሥርዓቱ።
ብዕሩን ነጠቀኝ፤
ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሶ አስደነቀኝ።
ሥሩን ወደ ላይ፣ ጫፉን ወደ ታች፣
አንዲት ድርብ ሰረዝ ከቦታዋ አልጎደለች።
ገለበጠው! ብዬ አምስት ሰጠሁት፤
ከየት እንደ ገለበጠው ግን አልጠየቅሁት።

ከሰዓት ዜሞቪት መጣ፣
ሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ ጫማው ዝናብ የጠጣ።
«ዛፉን ገልብጥ» አልኩት።
ሰሌዳውን አየው። «ለምኑ? ምን ሊበጅበት?»
«ጥያቄ ነው» አልኩት።
«እሺ፤ ከተገለበጠ በኋላ ማን አብሮት ይውላል?
ሌሊት ቢሰበርስ፣ ማን ከእንቅልፉ ይጠራል?»
ጻፈ፤ ደለዘ፤ ጻፈ፤
ግማሽ ላይ ሰዓቱ አለፈ።
ሁለት ሰጠሁት። «ዘገምተኛ፤ ጥያቄ ያበዛል።»
ከዚያ ለሚበልጥ ቃል ሠንጠረዡ የት ቦታ ይሰጣል?

ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ስልኬ ጮኸ፤ ክሬኑ ተገትሮ፣
አንድ ኮንቴነር ሙዝ ሰማይ ላይ አስሮ።
የፍሎሪያን ጽሑፍ አጭር ነው፣ ውብ ነው፣ ያበራል፤
በዓለም ላይ ነፋስ እንዳለ ግን የት ይጠረጥራል?

ወደ ታች ወረድሁ፤ አሮጌውን ኮድ ገለጥሁ፤
ለአሥራ አንድ ዓመት እጅ ያልነካው ገጽ ላይ ደረስሁ።
ግርማ የለው፤ ስሞቹ ረጃጅም፣
እንደ እግር መንገድ የተረገጠ፣ ማንንም የማያስገርም።
ነፋስ ቢነሣ፣ ሴንሰሩ ቢያብድ፣
ሸክሙን ቀስ ብለህ አውርድ፣ ይላል።
ከግርጌው ማስታወሻ አለ፦
«ሌሊት የምታነብ ወዳጄ፣ ይቅርታ፤
ይህን ብቻ አትንካ። የቀረውን ፍታ።»
የጸሐፊው ስም ተፍቋል።
ዜሞቪት ይሆን? እንጃ። ብቻ ድምፁን አውቀዋለሁ፣
ጥያቄ ያበዛል።

አሥራ አንድ ዓመት ያልጮኸ ስልክ፣
በየትኛው ነጥብ ይለካል፣ በየትኛው ልክ?

ነገ በሦስት ሰዓት ሌላ ተመዛኝ አለ።
ሰሌዳውን ጠረግሁት፤ ያ ግማሽ ዛፍ ግን ጥላው እንዳለ፣
ቢፍቁትም አልለቀቀም፤
ሥሩ ወደ ታች ነው። አልተገለበጠም።